ኢንተርኔት ሲዘጋ ትእዛዙን የሚፈርመው ማነው?

አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ማታ ተገደለ። በማግሥቱ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ጠፋ። የሞባይል ዳታውም፣ የቤትና የቢሮ ዋይፋዩም አብረው ቆሙ፤ አገልግሎቱ ሙሉ በሙሉ የተመለሰውም ከሦስት ሳምንታት ገደማ በኋላ ነበር። ልጇ አረብ አገር ወይም አሜሪካ የሆነባት፣ በአዲስ አበባው የቀበና ሰፈር ያለች እናት የልጇን ድምፅ ለመስማት የቀራት ውዱ የስልክ ጥሪ ብቻ ነበር። እዚያው ሰፈር፣ ዛፍ በከበበው ግቢያቸው ውስጥ የሚገኙት የብሪታንያና የሩሲያ ኤምባሲዎች ግን ሌላ ዋስትና አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1961 የተፈረመው የቪየና የዲፕሎማሲ ስምምነት፣ ተቀባዩ አገር የኤምባሲን ነፃ ግንኙነት እንዲፈቅድና እንዲጠብቅ ያስገድዳል።

ከአጥሩ ውጭ ያለው ነዋሪም በወረቀት ደረጃ ባዶ እጁን አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 በስልክ፣ በቴሌኮሙኒኬሽንና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች የሚደረግ ግንኙነት እንደማይደፈር ይደነግጋል። አንቀጽ 29 ደግሞ የቅድሚያ ምርመራን በማንኛውም መልኩ ይከለክላል። ሁለቱም መብቶች ሊገደቡ ይችላሉ፤ ገዳቢው ግን ሕግ መሆን አለበት። የአገራችን የኢንተርኔት ጣጣ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ኢንተርኔት በማን ትእዛዝ፣ በምን ምክንያት፣ ለስንት ቀን እንደሚዘጋ ዘርዝሮ የሚደነግግ ሕግ የለንም። ትእዛዙ ለሕዝብ ይፋ ሲደረግም አናይም። መዘጋቱን የምናውቀው ስልካችን ሲያቅተው ነው።

ልማዱ የቆየ ነው። ከ1997ቱ ምርጫ ቀውስ በኋላ የስልክ የጽሑፍ መልእክት ተቋረጠ፤ የተመለሰው ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በሚሌኒየሙ ዋዜማ ነበር። በ2008 ዓ.ም. የብሔራዊ ፈተና ወረቀት ሾልኮ በማኅበራዊ ሚዲያ ሲሰራጭ ፈተናው ተራዘመ፤ ድጋሚው ሲሰጥም ማኅበራዊ ሚዲያ ታገደ። በቀጣዩ ዓመት የፈተና ሰሞን የተዘጋው ኢንተርኔቱ በሙሉ ነው። የተማሪዎች ፈተና እንዳይሰረቅ የአገር ሁሉ ሥራ ቆመ ማለት ነው። በኋላ ተፈታኞችን ዩኒቨርሲቲ ግቢ አስገብቶ መፈተን ሲጀመር ሌላ መንገድ እንደነበረ ታየ።

በሰኔ 2010 መንግሥት ከ200 በላይ የታገዱ ድረ ገጾችን ከፈተ፤ ብዙዎቻችን ያ ምዕራፍ ተዘጋ ብለን ነበር። ዓመቱ እንደሞላ፣ ከሰኔ 15 ቀን 2011 የባሕር ዳርና የአዲስ አበባ የባለሥልጣናት ግድያዎች በኋላ፣ ኢንተርኔት እንደገና ተቋረጠ። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በዚያው ክረምት ኢንተርኔት ውሃም አየርም እንዳልሆነ፣ ሕይወት ለማዳን ካስፈለገም እንደሚዘጋ ተናገሩ።

ይህ ስጋት የተፈጠረ ምክንያት ነው ብሎ ማጣጣል ተገቢ አይደለም። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ምሁር ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በጥቅምት 2014 የተገደሉት፣ ስማቸውንና ማንነታቸውን እየጠቀሱ ጥላቻ የሚቀሰቅሱ ጽሑፎች ፌስቡክ ላይ ከወጡባቸው በኋላ ነው። ልጃቸው የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ ላይ ከሷል። የከሰሰው ጥፋቱን አሰራጨ ያለውን ኩባንያ ነው፤ ከሚጠይቃቸውም አንዱ ኩባንያው አማርኛና ሌሎች የአገሩ ቋንቋዎች የሚያውቁ በቂ ተቆጣጣሪዎች እንዲቀጥር ነው። አንድ አጥፊ ይጠየቅ ማለትና ሚሊዮኖችን ማፈን የተለያዩ ናቸው።

ጨለማም ይገድላል። ጥቅምት 24 ቀን 2013 በትግራይ ጦርነቱ ሲፈነዳ ስልክም ኢንተርኔትም ተቆረጠ። በዚያው ኅዳር አክሱም ውስጥ የተፈጸመውን የሰላማዊ ሰዎች ግድያ ዓለም በዝርዝር የሰማው ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ነው፤ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም ከመቶ በላይ ሰዎች መገደላቸውን ያሳወቀው ከዚያ ወዲህ ነው። ትግራይ ገና ሙሉ በሙሉ ሳይገናኝ፣ ከኅዳር 19 እስከ 23 ቀን 2015፣ ከቀበና ብዙም በማይርቀው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን አዳራሽ የተባበሩት መንግሥታት ዓመታዊ የኢንተርኔት አስተዳደር ጉባኤ ተካሄደ። እንግዶቹ ስለ ክፍት ኢንተርኔት ሲመክሩ፣ የመቀሌ ልጆቿን ያላገኘች እናት እዚሁ ከተማ ውስጥ ነበረች። በቀጣዩ ክረምት ደግሞ ተራው የአማራ ክልል ሆነ፤ ሐምሌ 2015 የተቋረጠው የሞባይል ዳታ በርካታ ከተሞች ውስጥ ለወራት አልተመለሰም።

መዝጋት የግል ሚስጥርንም ይነካል። በየካቲት 2015፣ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ ቀውስ ሰሞን፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ታገዱ፤ እገዳው እስከ ሐምሌ ቆየ። ሰዉ ወደ ቪፒኤን ሮጠ። ነፃ ቪፒኤን የሚያወርድ ሰው ግን የስልኩን ትራፊክ በማያውቀው ኩባንያ በኩል እያሳለፈ ነው። መንግሥት በሩን ሲዘጋ ዜጋው ማን እንደቆመበት በማያውቀው በር ይወጣል።

ክትትሉም ወሬ ብቻ አይደለም። የካናዳው ሲቲዝን ላብ በ2005 እና በ2006 ዓ.ም. ባወጣቸው ጥናቶች፣ ከአውሮፓ የተገዙ የስለላ ሶፍትዌሮች በውጭ አገር ባሉ ኢትዮጵያውያን፣ በኢሳት ቴሌቪዥን ጋዜጠኞችም ላይ ጭምር መነጣጠራቸውን አሳይቷል። በሚያዝያ 2006 የታሰሩት የዞን 9 ጦማርያን ከቀረቡባቸው ክሶች መካከል መልእክትን በምስጢር ኮድ መጠበቅ መማራቸው ይገኝበታል። የመጨረሻዎቹም በጥቅምት 2008 ከሽብር ክሱ ነፃ ተባሉ። ዛሬ ያንኑ ጥበቃ ማንኛውም የባንክ መተግበሪያ ይጠቀምበታል።

በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ጸድቋል። ፋይዳ መታወቂያ የጣት አሻራችንን ከሲም ካርድና ከባንክ ሒሳብ ጋር በሚያስተሳስርበት ጊዜ መውጣቱ ትልቅ እርምጃ ነው። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ግን ራሱ የአስፈጻሚው አካል ነው፤ መንግሥት አጥፊ ሆኖ ሲገኝ ምን ያህል እንደሚደፍር የሚታየው በሥራው ነው። የግል ቴሌኮም ኩባንያው ሳፋሪኮም በ2015 ሥራ መጀመሩም ለዋጋና ለጥራት ጠቀመ እንጂ ትእዛዝ ሲመጣ አማራጭ አልሆነም፤ ፈቃድ ሰጪው አንድ ነውና።

ሌሎች አገሮች ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወስደውታል። የዚምባብዌ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 የመዝጊያው ትእዛዝ ሥልጣን በሌለው ሚኒስትር የተሰጠ ነው ብሎ ሻረው። የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማኅበረሰብ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 ኢንተርኔት በዘጋችው ቶጎ ላይ ፈረደ። በዚያው ዓመት የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመዝጊያ ትእዛዝ ሁሉ ይታተም፣ ጊዜውም ይገደብ ብሎ ወሰነ። ኢንተርኔት በየሰበቡ በምትዘጋው ሕንድ እንኳ ዜጋዋ ይግባኝ የሚልበት ወረቀት አለው።

እኛም ከዚህ በላይ መጠየቅ አያስፈልገንም፦ በስም የተፈረመ፣ ምክንያቱ የተጻፈ፣ መጨረሻ ቀን ያለው፣ ፍርድ ቤት የሚመረምረው ትእዛዝ። ያንን ሕግ የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። የቀበና ነዋሪም፣ የሰፈሩን ድምፅ ይዞ እዚያ የሚቀመጠውን ወኪሉን ይህን በግልጽ ይጠይቅ።