የነጋዴው ልብና የነጋዴው ማዕድ

የመደብሩን ዕቃ በየጊዜው የሚቈጥር፣ ዱቤውን በመዝገብ የሚያሰፍር ነጋዴ፣ የራሱን የደም ግፊት ግን ለዓመታት ሳያስለካ ይኖራል። በጸሐፊነት ሥራዬ ዘወትር የምታዘበው ይህንኑ ነው። የብዙው ንግድ ቤታችን ምሰሶ አንድ ሰው ነው፤ ማን ምን ያህል እንዳለበት፣ የትኛው ዕቃ መቼ እንደሚገባ የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነው። እርሱ የወደቀ ዕለት ቤተ ሰቡም ሠራተኛውም መጠጊያ ያጣል።

ድንገተኛ የልብ ሕመም ስሙ ድንገተኛ ይባል እንጂ ዝግጅቱ የብዙ ዓመት ነው። ለልብ ጡንቻ ደም የሚያደርሱት ሥሮች ውስጣቸው በስብ እየተለሰነ ይጠባል፤ አንድ ቀን ልስኑ ይሰነጠቅና ደም ይረጋበታል፤ ያን ጊዜ ደም ያጣው ጡንቻ መሞት ይጀምራል። ይህንንም ከሚያፋጥኑት ዋነኞቹ የደም ግፊት፣ ትምባሆና የስኳር በሽታ ናቸው።

በዚሁ በጉለሌ የሚገኘው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2015 ባካሄደው አገር አቀፍ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆነው ሰዎች መካከል ከመቶ 16 ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል። የአንድ ሰው የቀን ጨውም በአማካይ ከ8 ግራም በላይ ሆኖ ተመዝግቧል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ግን ከ5 ግራም በታች፣ ይኸውም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው።

ነጋዴ ሲያተርፍ አስቀድሞ የሚለወጠው ማዕዱ ነው። ሽሮውና ምስሩ ለጾም ቀን ይቀርና ቁርጡ፣ በቅቤ የራሰው ክትፎና ውስኪው የማዕረግ ምልክት ይሆናሉ። ለልብ የሚስማማው ግን ያ የተናቀው ምስር፣ ጎመንና የጤፍ እንጀራ ነው። የጾሙም ወጥ ቢሆን በሚረጋው ዘይት ከተጥለቀለቀ ጥቅሙ ይቀንሳል። ዘይት ነጋዴው አንባቢዬ አይቀየመኝና፣ የዘንባባው ዘይት ግማሽ ያህሉ እንደ ቅቤ የሚረጋ ስብ ነው፤ የኑግ ዘይት ግን በአብዛኛው የማይረጋ ነው። ዋጋው የከበደው ሰው መጠኑን ይቀንስ።

ይህ ምክር በሥራ ተፈትኗል። ቅቤ ወዳዱ የፊንላንድ ሕዝብ በልብ ሕመም በብዛት ይሞት ስለ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1972 በሰሜን ካሬሊያ አውራጃ ቅቤውን፣ ጨውንና ትምባሆን የማስቀነስ ዘመቻ ተጀመረ። በ40 ዓመት ገደማ ውስጥ በሥራ ዕድሜ ባሉ ወንዶች ላይ ይደርስ የነበረው የልብ ሞት ከመቶ ከ80 በላይ ቀነሰ።

የሽሮ ሜዳው ባለ ሱቅ ከነጠላው ክምር መካከል ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል፤ የእንጦጦ መንገድ ግን ከደጃፉ ይነሣል። በሳምንት 5 ቀን፣ በየቀኑ 30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ይበቃዋል። ሆኖም ብዙ ጊዜ ሳይራመድ የኖረ ሰው ዳገቱን በአንድ ጊዜ አይጋፈጥ፤ አስቀድሞ ሐኪም ይየው፤ በሜዳ ይጀምር።

ደረትን እንደ ሸክም የሚጫን፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚዘልቅ ሕመም ላብና የትንፋሽ ማጠር ሲያስከትል፣ ብዙዎች «ጨጓራዬ ነው»፣ «ብርድ ነው» እያሉ ዝንጅብል ያፈላሉ። በዚህ ጊዜ የሚባክነው እያንዳንዱ ደቂቃ የልብ ጡንቻ ያስከፍላል። ሱቁን ለመዝጋት እንኳ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው፤ መኪናውንም ሌላ ሰው ይንዳ።