የስዊድን ሉተራውያን ሚስዮንና ከእርሱ የተነሣው ጉባኤ አጭር ታሪክ

ከአዲስ አበባ ወደ አሰብና ወደ ጅቡቲ የሚወስደው መንገድ በሎጊያ ያልፋል። በዚህ መንገድ ላይ ቀንና ሌሊት የሚመላለሰውን የጭነት መኪና የሚያይ ሰው፥ በጥንት ዘመን በዚሁ በአዋሽ ሸለቆ የግመል ሲራራ ነጋዴዎች ጨውና ዝሆን ጥርስ እንዲሁም ሰው ጭምር እየነዱ ያልፉ እንደ ነበር አያስታውስም። በሸዋ በዓልዩ አምባ ገበያ የተሸጡ ልጆች በአውሳ በኩል ወደ ታጁራ ወደብ ይወሰዱ ነበር። የዚህ ጽሑፍ አሳብም የተነሣው ከዚሁ መንገድ ነው፤ ምክንያቱን ከዚህ በታች እናስረዳለን።

በኅዳር ወር 1868 ዓ.ም. ቬርነር ሙንዚንገር የሚባል የስዊስ ተወላጅ፥ በግብፅ መንግሥት ስም ጦር እየመራ ከታጁራ ተነሥቶ ወደ ሸዋ ሲጓዝ በአውሳ የአፋር ተዋጊዎች ሌሊት ከበው እርሱንና ባለቤቱን፥ ከወታደሮቹም ብዙዎቹን ገደሉ። ለአፋር ሰው ይህ አገሩን ሊይዝ የመጣ የባዕድ ፓሻ ፍጻሜ ነው። ነገር ግን ይኸው ሙንዚንገር ከአምስት ዓመት በፊት በምጽዋ የፈረንሣይ ቆንሲል ሆኖ ሳለ፥ አንድ ለባርነት የተሸጠ የኦሮሞ ልጅ ነጻ አውጥቶ ለስዊድን ሚስዮናውያን ሰጥቶ ነበር። ያ ልጅ በኋላ አናሲሞስ ነሲብ ተባለ። አንዱን ሰው አንዱ ወገን ወራሪ፥ ሌላው ነጻ አውጪ ብሎ ሊያስበው መቻሉ፥ የሚስዮንን ታሪክ በአንድ ወገን ብቻ ሆኖ መጻፍ እንደማይገባ ያስገነዝበናልና በዚህ ጀመርን።

ከዚህ በኋላ ያለውን ዘመን፥ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን።

የስዊድን ሰዎች በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት በብዛት ከአገራቸው ወጥተዋል። ብዙዎቹ የሄዱት ወደ አሜሪካ ነው፤ በመቶ ዓመት ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ተሻገሩ። በዚያም ጫካ እየመነጠሩ እርሻ ሲያወጡ ቤተ ክርስቲያናቸውንም አብረው ተከሉ፤ በ1860 ኦገስታና የሚባለውን የሉተራውያን ሲኖዶስ አቆሙ። በእነዚህ ጉባኤዎች ሰባኪውም ሰሚውም ስዊድናዊ ስለ ነበረ ቅዳሴውና ስብከቱ ለብዙ ዘመን በስዊድን ቋንቋ ቆየ። ወደ እኛ አገር የመጡት ግን መሬት ፈላጊ ስደተኞች አልነበሩም፤ ቍጥራቸውም ጥቂት ነበር። ስለዚህ እዚህ የሚተክሉት ጉባኤ ገና ከመጀመሪያው የሌላ ሰው ጉባኤ መሆን ነበረበት። ይህ ልዩነት ቀላል ነገር መስሎ ቢታይም፥ በእኛ አስተያየት የነገሩ ሁሉ ቍልፍ ነው።

የላካቸው ማኅበር በስዊድን በ1856 የተቋቋመው ወንጌላዊ ማኅበር ነው፤ በአገራችን የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ተብሎ ይታወቃል። አሳባቸው ወደ ኦሮሞ ሕዝብ መድረስ ነበር። ይህን አሳብ በአውሮፓ ያስፋፋው በሸዋ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የተቀመጠው ጀርመናዊው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ነው። ከስዊድኖቹ በፊት የሄርማንስቡርግ ጀርመኖች ስለዚሁ ጉዳይ ካንዳኬ የምትባል መርከብ አሠርተው በ1853 ተነሥተው ነበር፤ ነገር ግን ወደ ኦሮሞ አገር መግቢያ ስላጡ ወደ ደቡብ አፍሪካ ወርደው በናታል ቀሩ። ካንዳኬ ህንደኬ ማለት ነውና፥ የኢትዮጵያን ንግሥት ስም የያዘችው መርከብ ኢትዮጵያን ሳትረግጥ መቅረቷ የሚያስገርም ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ስዊድናውያን በመጋቢት 1866 ምጽዋ ወረዱ። ወደ ውስጥ አገር መግባት ስላልተቻለ በሙንዚንገር ምክር ወደ ኩናማ ሄዱ። የኩናማው ሥራ ብዙ አልቆየም፤ ከፊሎቹን ንዳድ ፈጃቸው፥ በ1869ም የተገደሉ አሉ። የተረፉት ወደ ምጽዋ ተመልሰው የልጆች ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ በኋላም ከምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ሰፊ ስፍራ ይዘው ትምህርት ቤትና ማተሚያ ቤት አቆሙ። ወደ ወለጋ እንሄዳለን ብለው የተነሡት ሰዎች እንግዲህ በባሕር ዳር በሙቀት ውስጥ ተቀምጠው ቀሩ። በሩ ተዘግቶ የቆየው ለአንድና ለሁለት ዓመት ሳይሆን ለሠላሳ ዓመት ያህል ነው።

ይሁን እንጂ እነርሱ መሄድ ባይችሉም ሰዎች ወደ እነርሱ መጡ፤ የመጡትም ከሁለት ወገን ነው። አንደኛው ወገን በሐማሴን በፀዓዘጋ መጽሐፍ ቅዱስ በማንበብ የተነሡ ካህናትና ደባትር ናቸው። እነዚህን ስዊድኖች አላስተማሯቸውም፤ በገዛ እጃቸው ካሉት መጻሕፍት ያነበቡ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ሲሆኑ፥ ስደት ሲነሣባቸው ወደ ሚስዮኑ ተጠጉ። ሁለተኛው ወገን ከባርነት የወጡ ልጆች ናቸው።

አናሲሞስ በ1856 አካባቢ በኢሉባቦር በሁሩሙ አጠገብ ተወለደ፤ የቤት ስሙም ሂካ ነበር። በልጅነቱ አባቱ ሞተ፤ ከዚያም ሰው አዳኞች ነጥቀው ከእጅ ወደ እጅ እየሸጡ ምጽዋ አደረሱት። በ1872 በፋሲካ ዕለት ተጠመቀ፤ ከ1876 እስከ 1881ም በስዊድን በዮሐንሉንድ ተማረ። እንደ ተመለሰ ምሕረት ኃይሉን አግብቶ ወዲያው በሱዳን በኩል ወደ አገሩ ለመግባት ሞከረ፤ እስከ አሶሳ አውራጃ ደርሰው በሕመም ምክንያት ወደ ካርቱም ተመለሱ። ሌላ ጊዜ ደግሞ በሸዋ በኩል ሞክሮ ከጓደኞቹ ጋር በ1886 እንጦጦ ደረሰ። ዐፄ ዮሐንስ የውጭ አገር ሚስዮናውያን እንዳይገቡ አዝዘው ስለ ነበር ንጉሥ ምኒልክ ሊያሳልፏቸው አልቻሉም፤ ስለዚህ እንደገና ወደ ባሕሩ ወረዱ።

በዚያው በ1886 ወደ የመን ባሪያ ጭና የምትሄድ መርከብ በኢጣልያ ባሕር ኃይል ተይዛ፥ አስቴር ጋኖ የምትባል ወጣት ከሌሎች ጋር ወደ እምኩሉ መጣች። የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጕም በእውነት የተራመደው ከዚህ በኋላ ነው። አናሲሞስ ከአገሩ የወጣው በልጅነቱ ስለ ሆነ ብዙው የቋንቋው ሀብት ከእርሱ ርቆ ነበር፤ አስቴር ግን የኦሮምኛን ቃል አጥርታ ታውቅ ነበር። ወደ 15,000 የሚሆን ቃል ሰብስባ ጻፈች፤ አምስት መቶ ያህል ተረት፥ ምሳሌና ዘፈንም ከቃል ወደ ጽሑፍ አወረደች። አዲስ ኪዳን በኦሮምኛ በ1893 በእምኩሉ ታተመ፤ በ1894 ሁለቱ ያዘጋጁት የንባብ መማሪያ ወጣ፤ መላው መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 በስዊስ አገር በሳንክት ክሪሾና ታተመ። ፊደሉ የግዕዝ ፊደል ነው። ስለዚህ ሥራ ሲነገር የአናሲሞስ ስም ብቻውን የሚጠራበት ልማድ አለ። እኛ ግን ያለ አስቴር መዝገበ ቃላት ያ ትርጕም እንዴት ሊሆን ይችል እንደ ነበር ማሰብ ያስቸግረናል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ደርሰናል። ወለጋ ማን ገባ? በሚስዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለተማርን ለእኛ መልሱ በአጭሩ «ስዊድኖች» የሚል ነበር፤ እኛም ፈተና ላይ እንደዚያው ጽፈን አልፈናል። ነገሩን ስንመረምረው ግን የተገኘው ሌላ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ቦጂ ደርሰው ሥራውን የጀመሩት ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤልና ዳንኤል ዳባላ ናቸው። የመጀመሪያው የሐማሴን ቄስ፥ ሁለተኛውም በእምኩሉ የተማረ የኦሮሞ ልጅ ነበር። ገብረ ኤዎስጣቴዎስ በቦጂ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በክህነት እያገለገለ በኦሮምኛ ከተተረጐመው መጽሐፍ ለሕዝቡ በቋንቋው ያስተምር ነበር። በ1905 በመንደሩ እሳት ሲነሣ ሰው ለማዳን ገብቶ ሞተ። እርሱ ሲሞት አንድም ስዊድናዊ በወለጋ ተቀምጦ ሥራ አልጀመረም ነበር።

አናሲሞስም በ1904 ከባለቤቱና ከጓደኞቹ ጋር ወለጋ ገባ። በልጅነቱ ከተወሰደ ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፎ ነበር። የነቀምቴው ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፥ በቀድሞ ስማቸው ኩምሳ ሞሮዳ፥ በክብር ተቀበሉት። በኦሮምኛ መስበኩ ሕዝቡን ሲስብ በአካባቢው ካህናት ዘንድ ክስ አስነሣ፤ በ1906 በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀርቦ ግዞት ተፈረደበት። ዐፄ ምኒልክ ፍርዱን አቃልለው ወደ ነቀምቴ እንዲመለስ ፈቀዱለት፤ ስብከት ግን ተከለከለ። ፈቃዱ የተገኘው በ1916 በልጅ ኢያሱ ዘመን ነው። የካህናቱን ክስ በቅናት ብቻ ማሳበብ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ቋንቋቸው ያልሆነ ስብከት በደብራቸው ሲሰበክ መደንገጣቸውን ከእነርሱም ወገን ሆኖ ማየት ይገባል። ጠቡ ስለ ሃይማኖት ብቻ አልነበረም፤ መጽሐፍ በማን ቋንቋ ይነበባል የሚለውም ነበረበት።

ስዊድናዊው ካርል ሴደርክዊስት በ1904 አዲስ አበባ ደረሰ። እስኪሞት ድረስ፥ ማለት እስከ 1919፥ በዚያው ተቀምጦ ትምህርት ቤት ከፍቶ ሲያስተምር ኖረ። የአዲስ አበባው ጉባኤ ከዚህ ትምህርት ቤት ዙሪያ የተሰበሰበ ነው፤ አማርኛ ተናጋሪውም ኦሮሞውም የኤርትራ ሰውም ነበረበት። ከዚያ በኋላ ሌሎች ስዊድናውያን እየጨመሩ መጡ፤ በነቀምቴም የሕክምና ሥራ ተጀመረ።

የኢጣልያ ወረራ ይህን ሁሉ አናወጠው። በ1936 ኢጣልያ አገሩን ከያዘ በኋላ የስዊድን ሚስዮናውያን ከኢትዮጵያ ተባረሩ። ከወረራው በፊት ብዙ ሰው ፈረንጆቹ ከሄዱ ጉባኤው ይበተናል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም ነበር፤ ደመወዙም ሕንፃውም ሹመቱም ከእነርሱ ነበርና። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። የአዲስ አበባ ምእመናን ከራሳቸው መካከል ሽማግሌዎች መርጠው በቄስ ባድማ ያለው መሪነት ጸሎታቸውን ቀጠሉ። ስዊድኖቹ ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ የጠበቃቸው እንደ ልጅ የሚመራ ጉባኤ ሳይሆን የራሱ ሽማግሌዎች ያሉት ጉባኤ ነበር። መካነ ኢየሱስ የሚለውም ስም በመጀመሪያ የዚሁ የአዲስ አበባ ጉባኤ ስም ነው።

በ1944 የወጣው የሚስዮኖች ደንብ አገሩን ለሁለት ከፈለው፤ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥፍራ በሆነው ሚስዮኖች ሃይማኖታቸውን እንዳይሰብኩ ሲከለክል፥ «ክፍት» በተባለው ግን ፈቀደ። አዲስ አበባ ከክፍቶቹ ተቈጠረች። በዚሁ ደንብ የትምህርቱ ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን ታዘዘ። ይህ በአንድ በኩል የሐማሴኑንና የወለጋውን የሸዋውንም ምእመን በአንድ ቋንቋ አገናኘ፤ በሌላ በኩል አናሲሞስና አስቴር የደከሙበት የኦሮምኛ ንባብ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ወደ ቤት ገባ። ጥቅሙንም ጉዳቱንም አብሮ መመዝገብ የተማሪ ግዴታ ይመስለናል።

ጥር 13 ቀን 1951 ዓ.ም. በስዊድን፥ በጀርመን፥ በኖርዌይና በሌሎችም ሚስዮኖች ሥራ የተነሡት ጉባኤዎች ተባብረው ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስን አቋቋሙ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት አቶ አማኑኤል ገብረ ሥላሴ ነበሩ፤ ከ1963 ጀምሮም አቶ አማኑኤል አብርሃም መሩ። በስሙ ውስጥ «ስዊድን» የሚል ቃል የለም፤ «ሉተራን» የሚልም የለም። የምእመናኑ ቍጥር በዚያ ጊዜ ወደ 20,000 ነበር፤ ዛሬ ቤተ ክርስቲያኒቱ ራስዋ ከ10 ሚሊዮን በላይ ትቈጥራለች። በ2013 ስለ ጋብቻ ትምህርት በተነሣ ልዩነት ከስዊድን ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበራትን ኅብረት አቋረጠች። የአሜሪካው ኦገስታና ግን በ1962 ከሌሎች የሉተራን ማኅበሮች ጋር ተዋህዶ ስሙ ቀረ።

አናሲሞስ በሰኔ 1931 በነቀምቴ ዐረፈ። የሙንዚንገር ወሬ ግን ከምጽዋ ይልቅ ለእኛ ቅርብ ነው። ከሎጊያ ወደ አሳይታ የሚወስደው መንገድ አጭር ነውና፥ በሚቀጥለው ዕረፍት ወደዚያ ወርደን ስለዚያ ሌሊት ከአባቶቻቸው የሰሙትን የአውሳ ሽማግሌዎች እንዲነግሩን ለመጠየቅ አስበናል። አፋርኛ አሳምሮ የሚያውቅ ተማሪ አብሮን ቢሄድ በደስታ እንቀበለዋለን።