የበቀቀን ቤት ያረጀ ዛፍ ነው



ነገሩ ሳይገባው የሰማውን ብቻ የሚደግም ሰው «እንደ በቀቀን ይደግማል» ይባላል። ዛሬ ግን የምንነጋገረው ስለ ወፏ ስለራሷ ነው። በቀቀን ምንቃሯ ወደ ታች የቆለመመ፣ ጠንካራ ፍሬ ሰብራ የምትበላ ወፍ ናት።

በአገራችን ከአንድ ዓይነት በላይ በቀቀን አለ። ሁለቱን እንወቃቸው። አንደኛዋ አካሏ አረንጓዴ፣ ፊቷ ቢጫ ነው። ይህቺ ወፍ በዱር የምትኖረው በኢትዮጵያ ብቻ ነው። ከእኛ አገር ከጠፋች ከዓለም ጠፋች ማለት ነው። ሁለተኛዋ ከእሷ ታንሳለች። ምንቃሯ ቀይ ነው፤ የወንዱ ግንባርም ቀይ ነው። የምትኖረው በኢትዮጵያና በኤርትራ ነው። ሁለቱም ዛፍ ያለበትን ደጋና ወይና ደጋ ይወዳሉ።

ቤታቸው የት ነው?

ብዙ ወፎች ከሣርና ከጭራሮ ጎጆ ይሠራሉ። እነዚህ በቀቀኖች ግን እንዲህ አያደርጉም። እንቁላላቸውን የሚጥሉት በዛፍ ግንድ ቀዳዳ ውስጥ ነው። ቀዳዳው ዛፉ ሲያረጅ የተቦረቦረ፣ ወይም ግንደ ቆርቁር ቆፍሮ የተወው ሊሆን ይችላል።

ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ወጣት ዛፍ ሰፊ ቀዳዳ የለውም። ግንዱ እስኪወፍርና እስኪቦረቦር ብዙ አሥር ዓመታት ይፈጃል። እኛ ደግሞ የተቦረቦረ ዛፍ ስናይ «ይሄ እኮ ለጣውላ አይሆንም» እንልና ለማገዶና ለከሰል አስቀድመን እንቆርጠዋለን። ለእኛ የማይረባ የመሰለን ግንድ ለበቀቀን ቤት ነው። ቤት ከሌለ እንቁላል የለም። እንቁላል ከሌለ ጫጩት የለም።

ቀዩ መዝገብ

ዓለም አቀፍ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የሚባል ድርጅት አለ። ድርጅቱ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ «ቀይ መዝገብ» የተባለ መዝገብ ይይዛል። በዚህ መዝገብ ውስጥ እንስሳትና ዕፀዋት እንደሚያሰጋቸው አደጋ በ7 ደረጃ ይጻፋሉ። 1ኛው ደረጃ «ብዙም አያሰጋም» ነው። 7ኛው ደረጃ «ፈጽሞ ጠፍቷል» ነው።

ሁለቱ በቀቀኖቻችን የተጻፉት በ1ኛው ደረጃ ነው። «ታዲያ ካላሰጋ ለምን ትነግሩናላችሁ?» ትሉን ይሆናል። መልሱን ከሌሎች አገሮች እንማር።

በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ አንዲት ግራጫ በቀቀን አለች። እሷም ቀደም ሲል በ1ኛው ደረጃ ነበረች። ሰዎች ንግግር ስለምትደግም ከዱር እየያዙ ለውጭ ገበያ ሸጧት። ትልልቅ ዛፎቿም ተቆረጡ። ጋና በሚባለው አገር ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ከ100 ወፎች 90 ወይም ከዚያ በላይ ጠፍተዋል። በ2009 ዓ.ም. ይህቺ በቀቀን በ4ኛው ደረጃ፣ «ለመጥፋት ተቃርባለች» በሚለው ተጻፈች። ከዱር የተያዘችውን ከአገር ወደ አገር መነገድም በዚያው ዓመት ተከለከለ።

በአሜሪካ ደግሞ ካሮላይና የተባለች በቀቀን ነበረች። ፍሬና እህል ትበላለች ተብላ ገበሬዎች በጥይት ይገድሏት ነበር። አንዷ ስትመታ ሌሎቹ አይሸሹም፤ ተመልሰው በሞተችው ዙሪያ ይሰበሰባሉ። ስለዚህ መንጋው በቀላሉ ያልቅ ነበር። ደኗም ተመነጠረ። በሰው እጅ የቀረው የመጨረሻው ወፍ በየካቲት ወር 1910 ዓ.ም. ሞተ። እሷ 7ኛው ደረጃ ላይ ናት። ከዚያ ደግሞ መመለስ የለም።

ስለዚህ 1ኛ ደረጃ ማለት ዝም ብለን እንቀመጥ ማለት አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ምን እናድርግ?

ማገዶ ከሌለ ወጥ አይበስልም። ይህን እናውቃለን። «ዛፍ አትንኩ» ብሎ መናገር ብቻ ቀላል ነው። የሚሻለው ማገዶን ከአሮጌው ዛፍ መለየት ነው። ቶሎ የሚያድገውን ዛፍ በማሳ ዳር ለማገዶ እንትከል። የተቦረቦረውን ሾላ፣ ዋንዛና ዝግባ እንተው። አንድ ቀበሌ 10 አሮጌ ዛፍ ቢተው ለብዙ ወፍ ቤት ሆነ ማለት ነው።

ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ከምዕራብ ዓባያ ወደ ጋሞ ደጋ ብንወጣ አባቶች ያከበሯቸውን ደኖች እናያለን። በእነዚያ ደኖች ዛፍ መቁረጥ በባህል ነውር ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢም አሮጌ ዛፍ ተጠብቆ ይኖራል። ደን ለሰውም ይጠቅማል። አርባ ምንጭ ስሟን ያገኘችው ከገደሉ ሥር ከሚፈልቁት ምንጮች ነው። ምንጮቹ የሚፈልቁት በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። ከተማዋም ውኃዋን ከእነሱ ትቀዳለች።

ወፍ በቆሎ ስትነካብን በማማ ላይ ሆነን በጩኸትና በወንጭፍ እናባርራት። መርዝ ግን አንጠቀም። መርዝ ወፍ ለይቶ አይገድልም፤ ዶሮአችንንም ልጃችንንም ይጎዳል።

ጫጩት ከግንድ አውጥተን አንሽጥ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 541 የዱር እንስሳትን ይጠብቃል። አገራችን የዱር እንስሳትና ዕፀዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት ውስጥ የገባችው ደግሞ በ1981 ዓ.ም. ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቀቀን እንቁላሏን የምትጥለው የት ነው?

2. ግራጫዋ በቀቀን ከ1ኛው ወደ 4ኛው ደረጃ የደረሰችው ለምንድን ነው?

3. በቀበሌያችን ስንት አሮጌ ዛፍ ቀርቷል? ቆጥረን በደብተራችን እንጻፍ። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና እንቁጠር። ቁጥሩ ቀንሶ ከተገኘ ማን ለምን እንደቆረጠው ተነጋግረን አንድ መላ እንምታ።