የአሮጌ ራሌ ብስክሌት ዕድሜ

አሮጌው ራሌ የእንግሊዟ ከተማ የኖቲንግሃም ምርት ነው። ፍራንክ ቦውደን በከተማዋ ራሌ ጎዳና ከነበረ አነስተኛ ወርክሾፕ ተነስቶ ኩባንያውን ያቋቋመው በ1888 እ.ኤ.አ. ነው። ብስክሌቱ ከመሪው በታች ባለው ቧንቧ ላይ በተለጠፈው አርማ፣ ማለትም አንገተ ረጅም በሆነችው የውሃ ዳር ወፍ ራስ ይለያል። ብዙ ጊዜ ይህችው ወፍ ከፔዳሉ ጋር በሚዞረው ባለጥርስ ብረት ላይም ተቀርጻ ትገኛለች።

ስሙ ከታወቀ ቀጥሎ የሚፈለገው ዓመቱ ነው። ብዙ ሰው ብስክሌቱን ገልብጦ የቴላዮውን ቁጥር ይፈልጋል። ይሁንና የፋብሪካው ቁጥሮች በአንድ ተራ እየጨመሩ የሄዱ አይደሉም፤ ቁጥሩ ብቻውን ዓመት አይናገርም። የዘንግ ፍሬንም የጥንትነት ማስረጃ ተደርጎ ይወሰዳል፤ ህንድና ቻይና ግን ይህንኑ ዓይነት ብስክሌት ለአሥርት ዓመታት ሠርተዋል።

ከሁሉ የሚሻለው ምስክር የኋላ ጎማው ሞዞ ነው። ባለ ሦስት ማርሽ ራሌ አብዛኛውን ጊዜ የስተርሚ አርቸር ኩባንያ ሞዞ አለው። ከእነዚህ ዋነኛው «ኤ ደብሊው» የሚባለው ሲሆን ገበያ የወጣው በ1936 እ.ኤ.አ. ነው። በሞዞው ቅርፊት ላይ ከሞዴሉ ፊደላት አጠገብ የዓመቱ የመጨረሻ ሁለት አኃዞች፣ ብዙ ጊዜም የወሩ ቁጥር ተመትቷል። 56 እና 3 የሚል ምልክት መጋቢት 1956 እ.ኤ.አ. ማለት ነው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1948 ዓ.ም. ይሆናል። 56ን በቀጥታ 1956 ዓ.ም. ብሎ የሚያነብ ሰው ብስክሌቱን በስምንት ዓመት ያህል ልጅ ያደርገዋል።

ያም ሆኖ የተመታው ቀን የሞዞው እንጂ የብስክሌቱ አይደለም፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሞዞ ከተሠራ በኋላ በመጋዘን ይቆያል፣ ራጂና ቸርኬ ይገጠምለታል፣ ከዚያም ቴላዮ ይጠብቃል። ስለዚህ ብስክሌቱ ከሞዞው ወራት ዘግይቶ ሊወለድ ይችላል። ከዚያ የሚብሰው የጎማ ቅያሪ ነው፦ የኋላ ጎማ ጭነት ስለሚበዛበት ቶሎ ይጎዳል፣ የ1938 ቴላዮም የ1962 ሞዞ ይዞ ይገኛል። ቅያሪን ለመጠርጠር ራጂ መቁጠር ይረዳል። ለእንግሊዝ ገበያ በተሠሩት የቀድሞ ብስክሌቶች የተለመደው ከፊት 32፣ ከኋላ 40 ነበር፤ ፊትም ኋላም 36 ከሆኑ ወይ ብስክሌቱ ለውጭ ገበያ የተሠራ ነው፣ ወይ ጎማው ተለውጧል። የፊት ጎማው መብራት የሚያመነጭ ዳይኖሃብ ካለው የእሱም ቀን ይነበባል። ሁለቱ በጥቂት ወራት ልዩነት ከተስማሙ ማስረጃው ጠንካራ ነው።

ቀኑ ሳይነበብ ሞዞውን በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ወይም ቴላዮውን ቀለም መቀባት ክፉ ልማድ ነው፤ ዓመቱን ጠብቆ ያቆየው ምልክትና የፋብሪካው ወርቃማ መስመር አብረው ይጠፋሉ። ዘይት በነካ ጨርቅ ቀስ ብሎ መጥረግና የእጅ ባትሪ ከጎን አስጠግቶ ማብራት ይበቃል፤ ጥላው አኃዞቹን ያወጣቸዋል።

ውጤቱ ሲመዘገብ ክፍሎቹ ለየብቻ ይጻፋሉ፤ ለምሳሌ፦ ቴላዮው በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ፣ የኋላ ሞዞው መጋቢት 1956 እ.ኤ.አ.፣ ኮርቻው በኋላ የተለወጠ።