መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች ከአንዱ ሕመምተኛ ወደ ሌላው እንዴት ይሻገራሉ?

በናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም የሚያልፈው የአርግዊንግስ ኮድሄክ ጎዳና ሆስፒታሎች፣ ክሊኒኮችና መድኃኒት ቤቶች የሚገኙበት ነው። ሕመምተኛ ሐኪሙንም መድኃኒቱንም ብዙ ሳይርቅ ያገኛል። የታዘዘለት አንቲባዮቲክ ይሠራለት እንደሆነ ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

እአአ ከ2007 እስከ 2009 በናይሮቢ ከሆስፒታል ሕሙማን በተወሰዱ ናሙናዎች ክሌብሲዬላ ኒሞኒዬ የተባለው ባክቴሪያ 'ኤንዲኤም-1' የተሰኘ ኢንዛይም ሲያመነጭ ተገኝቷል። ግኝቱ በ2011 ለኅትመት በቃ። ይህ ኢንዛይም ካርባፔነም የሚባሉትን፣ ሐኪሞች ሌሎቹ አልሠራ ሲሏቸው የሚያዝዟቸውን መድኃኒቶች ያከሽፋል። ቆይቶም እዚያው ከተማ አሲኔቶባክተር ባውማኒ በተባለ ሌላ ባክቴሪያ ላይ ታይቷል።

ብዙዎች "ሰውነቴ መድኃኒቱን ለምዶታል" ይላሉ። የሚላመደው ግን ባክቴሪያው እንጂ ሰውየው አይደለም። በመሆኑም አንቲባዮቲክ እምብዛም ወስዶ የማያውቅ ሰው ከአጠገቡ ካለው አልጋ በተሻገረ ባክቴሪያ ሊያዝ ይችላል። የኤንዲኤም-1 ዘረመል ደግሞ ከአንዱ የባክቴሪያ ዝርያ ወደ ሌላው የመተላለፍ አቅም አለው።

መሻገሪያዎቹ የዘወትር ቁሳቁሶች ናቸው፤ የአልጋ ብረት፣ የበር እጀታ፣ የሐኪም ማዳመጫ፣ የእጅ ስልክ። አሲኔቶባክተር በደረቅ ገጽታ ላይ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል። ክሌብሲዬላን የመሳሰሉት በእጅ መታጠቢያ ገንዳ ፍሳሽ መውረጃ ውስጥ ተጣብቀው ይኖራሉ፤ ውኃ ሲከፈት ሊረጩ ይችላሉ። በረኪና ይገድላቸዋል፤ ሆኖም ደምና እድፍ ቀድሞ በሳሙና ካልታጠበ ኃይሉ ይዳከማል። ጓንትም ቢሆን በሕሙማን መካከል ካልተቀየረ ከባዶ እጅ የሚለየው ባለቤቱን ብቻ በመጠበቁ ነው።

ጉዳቱ የሚከፋው በጽኑ ሕሙማን ክፍልና በጨቅላ ሕፃናት ላይ ነው። የካልቸር ምርመራ ውጤት እስኪደርስ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይወስዳል፤ ደሙ የተመረዘ ሕፃን ግን ያን ያህል አይጠብቅም። ሐኪሙ በግምት ይጀምራል። ግምቱ ከሳተ፣ በ1950ዎቹ ሥራ ላይ ውሎ ኩላሊት ስለሚጎዳ ወደ ጎን ተትቶ ወደነበረው ኮሊስቲን መመለስ ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

በ2021 በዓለም ዙሪያ 1.14 ሚሊዮን ሰዎች መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ሳቢያ በቀጥታ እንደሞቱ ይገመታል።

ኬንያ ችግሩን ለመግታት የመጀመሪያውን ብሔራዊ የድርጊት ዕቅድ በ2017 ይፋ አድርጋለች፤ ኢትዮጵያም ከ2021 እስከ 2025 የሚዘልቅ ስትራቴጂ አውጥታለች። ሁለቱም ሰነዶች የላቦራቶሪ ክትትልንና የኢንፌክሽን መከላከልን ያነሳሉ። በየሆስፒታሉ ክፍል ግን ነገሩን የሚወስነው ብዙ ጊዜ ሳሙናው፣ ውኃው እና የጽዳት ሠራተኞች ቁጥር ነው።