ግማሹ በሌላ ሰው እጅ

ወንዱ የሴቷን ወገብ በሁለት እጁ ይዟል። ሁለቱም ወደ ኋላ እየተንሸራተቱ ነው፤ ፍጥነታቸው እየጨመረ ነው። ሴቷ ጉልበቷን አጠፍ ታደርግና ትነሣለች። በዚያችው ቅጽበት እሱም ያለ የሌለ ጉልበቱን ሰብስቦ ወደ ላይና ወደ ፊት ይለቃታል። አየር ላይ ክንዶቿን ደረቷ ላይ ታጥፋለች፣ እግሮቿን ታጠላልፋለች፣ ሦስት ጊዜ ትሽከረከራለች። ይህ ሁሉ አንድ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ከተለቀቀችበት በርካታ ሜትር ርቃ፣ በአንድ እግሯ፣ ጀርባዋን ወደምትሄድበት ሰጥታ ታርፋለች። የምታርፍበት ስለት ውፍረቱ ግማሽ ሴንቲ ሜትር አይደርስም፤ ለዚያውም መሐሉ ስለተቦረቦረ በረዶውን የሚነካው አንዱ ጠርዝ ብቻ ነው።

በቴሌቪዥን ለሚያይ ሰው ወንዱ እንደ ኳስ የወረወራት ይመስላል። እንዲያ አይደለም። ዝላዩ የራሷ ነው፤ እሱ የሚያደርገው ዝላይዋን ከፍ ማድረግና ማርዘም ነው። እሱ ከእሷ ጥቂት ቀድሞ ቢገፋ ወይም ጥቂት ዘግይቶ ቢለቅ፣ ገና ከመሬት ስትነሣ ሰውነቷ ያጋድላል፤ ያጋደለ ሰውነት ደግሞ አየር ላይ አይቃናም። የምትወድቀው በዳሌዋ ወይም በጎኗ ነው፤ በረዶው ደግሞ በቀዘቀዘ ወለል ላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ተነጥፎ የረጋ ውሃ ስለሆነ እንደ ሲሚንቶ ይቀበላታል። ልምምድ ላይ ይህ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ማሰብ ነው።

የጥንድ ፊገር ስኬቲንግ ዋናው ነገር ይህ ነው። አንድ ወንድና አንዲት ሴት 60 ሜትር በ30 ሜትር በሆነ የበረዶ ሜዳ ላይ በሙዚቃ ይንሸራተታሉ፣ ጎን ለጎን አንድ ዓይነት ዝላይ ይዘላሉ፣ እሱ ክንዱን እስኪዘረጋ ድረስ ከራሱ በላይ ያነሣታል፣ ወደ ላይ ለቋት ተሽከርክራ ስትወርድ ሳታርፍ ወገቧን ይቀልባታል። ባለበት ቦታ እየዞረ በአንድ እጁ ሲይዛት፣ ፀጉሯ በረዶውን ሊነካ ምንም እስካይቀረው ተንጋልላ የምትዞርበትም አለ፤ የሞት ሽክርክሪት ይሉታል። የበረዶ ዳንስ የሚባለው ሌላ ውድድር ነው፤ እዚያ ከራስ በላይ ማንሣትም መወርወርም የለም። የጥንዶቹ ውድድር በ1908 በለንደን ኦሎምፒክ ሲጀመር ያሸነፉት ጀርመናውያን ነበሩ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

እኔን ግን ከዝላዩም ከውበቱም በላይ የሚይዘኝ ሌላ ነገር ነው፤ ሒሳቡ። አንዱ ሲወድቅ አንድ ነጥብ ይቀነሳል፤ የሚቀነሰውም ከሁለቱም ነው። ሃያ ዓመት የለፋ ሰው ያለ አንዳች ጥፋቱ በሌላው እግር መንሸራተት ሜዳሊያውን ያጣል። አጋሩ ጉልበቱን ቢታመም እሱም ዓመቱን ሙሉ ይቀመጣል። አጋሩ ጡረታ ልውጣ ቢል፣ ጤነኛ እግር ይዞ ሥራ አጥ ይሆናል። የአንድ ሯጭ ድካም ከነትርፉም ከነኪሳራውም የራሱ ነው። የጥንድ ተንሸራታች ሙያ ግን ግማሹ ሁልጊዜ በሌላ ሰው እጅ ነው። ይህን ከአልዮና ሳቭቼንኮ ሕይወት በላይ የሚያሳይ አላውቅም።

ሳቭቼንኮ በ1984 የተወለደችው ከኪየቭ ብዙ በማትርቀው ኦቡኺቭ በምትባል የዩክሬን ከተማ ነው። አባቷ ክብደት አንሺ ነበር። ገና በሕፃንነቷ የበረዶ ጫማ አድርጋ የጀመረችው በረዶ በሠራ ሐይቅ ላይ ነው። በ2000 ከስታኒስላቭ ሞሮዞቭ ጋር የዓለም ታዳጊዎች ሻምፒዮን ሆነች፤ በ2002 በሶልት ሌክ ሲቲ ኦሎምፒክ 15ኛ ወጡ። ከዚያ ተለያዩ። እሷ 18 ዓመቷ ነበር፤ ዝላዩም፣ ጉልበቱም፣ ፍላጎቱም አላት፤ የሚወረውራት ሰው ግን የላትም።

አጋር ፍለጋ በ2003 ጀርመን፣ ኬምኒትስ ገባች። እዚያ ያገኘችው ሮቢን ሾልኮቪ፣ በምሥራቅ ጀርመን የተወለደ፣ አባቱ የታንዛኒያ ሰው ነው። አሰልጣኛቸው ኢንጎ ሽቶየር ራሱ በ1997 በጥንድ የዓለም ሻምፒዮን የነበረ ነው። የዜግነት ወረቀቷን ለ2006ቱ የቱሪን ኦሎምፒክ ለጥቂት አደረሰች። በዚያው ሰሞን ሽቶየር ለቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን የስለላ ድርጅት መረጃ ያቀብል እንደነበር ወጣና የጀርመን ኦሎምፒክ ኮሚቴ ከልዑኩ ሰረዘው፤ በፍርድ ቤት ተሟግቶ ተመለሰ። ጥንዶቹ በዚህ ሁሉ ወከባ መካከል ተወዳድረው 6ኛ ሆኑ።

ከዚያ በኋላ ያለው የዓለም ሻምፒዮናዎች ዝርዝር ያስደንቃል፤ 2008፣ 2009፣ 2011፣ 2012፣ 2014። አምስት ጊዜ። ኦሎምፒክ ላይ ግን ወርቁ እምቢ አለ። በ2010 ቫንኩቨር ላይ ከውድድሩ የመጀመሪያ ክፍል፣ ከአጭሩ ፕሮግራም በኋላ ከመሪዎቹ፣ ከቻይናውያኑ ሼን ሹዌና ዣኦ ሆንግቦ፣ የሚለያቸው 0.70 ነጥብ ብቻ ነበር፤ በሁለተኛው ክፍል፣ በረጅሙ ፕሮግራም፣ ወደ ሦስተኛ ወረዱ። በ2014 ሶቺ ላይም እንዲሁ ከአጭሩ በኋላ ሁለተኛ ነበሩ። የረጅሙ ፕሮግራም የመጨረሻ ዝላያቸው ውርወራ ሦስት አክስል ነበር። አክስል ወደ ፊት እየተመለከቱ የሚነሡበት ብቸኛው ዝላይ ስለሆነ ሽክርክሪቱ ሦስት ተኩል ነው፤ ከአጋር እጅ ተወርውሮ ያንን አስተካክሎ ማረፍ የሚሞክሩት ጥቂቶች ናቸው። ሳቭቼንኮ ወደቀች። ዳግመኛ ነሐስ።

ሾልኮቪ በዚያው ዓመት የዓለም ሻምፒዮናውን አሸንፎ በቃኝ አለ። እሷ 30 ዓመቷ ነው። በዚህ ስፖርት በዚያ ዕድሜ እንደገና ሀ ብሎ መጀመር ቀላል ነገር አይደለም፤ አዲስ አጋር ማለት አዲስ የክንድ ርዝመት፣ አዲስ የጉልበት መጠን፣ አዲስ የመልቀቂያ ቅጽበት ማለት ነው። ሰውነት አሥር ዓመት የለመደውን አንድ በአንድ መርሳት አለበት። ማንሻዎቹ መጀመሪያ በደረቅ ወለል ላይ ይለመዳሉ፣ ከዚያ በዝግታ በበረዶው ላይ፣ ከዚያ በፍጥነት። እሷ የመረጠችው ፈረንሳዊውን ብሩኖ ማሶን ነው። ኦበርስትዶርፍ በምትባል የጀርመን ተራራማ ከተማ ከአሰልጣኝ አሌክሳንደር ኮኒግ ጋር ሥራ ጀመሩ።

መወዳደር ግን ወዲያው አልተቻለም። የፈረንሳይ ፌዴሬሽን እስኪለቀው መጠበቅ ነበረባቸው። ተለቅቆም በ2016 የዓለም ነሐስ፣ በ2017 ብር ሲያመጡ፣ ኦሎምፒኩ ገና ዝግ ነበር፤ በዓለም ሻምፒዮና ከጥንዱ የአንዱ ዜግነት ይበቃል፣ በኦሎምፒክ ግን ሁለቱም የአንድ አገር ዜጋ መሆን አለባቸው። ማሶ ደግሞ የጀርመንኛ ፈተናውን መጀመሪያ ወድቆ ነበር። እሷ አራት ኦሎምፒክ ያሳለፈች ሴት፣ አሁን ዕድሏ በአንድ ወጣት የሰዋስው ደብተር ላይ ተንጠልጥሏል። ፓስፖርቱ የደረሰው በ2017 መጨረሻ፣ ውድድሩ ሦስት ወር ሳይሞላው ነው።

የካቲት 2018፣ ደቡብ ኮሪያ፣ ጋንግነንግ። በአጭሩ ፕሮግራም ሳልኮ የሚባለውን ዝላይ ጎን ለጎን፣ ሦስት ጊዜ እየዞሩ መዝለል ነበረባቸው። እሷ ሦስቱን ዞረች። ማሶ አየር ላይ ተከፈተና ሁለት ብቻ ዞሮ ወረደ። ውጤታቸው 76.59፣ ደረጃቸው አራተኛ፤ መሪዎቹ ቻይናውያን ሱዊ ዌንጂንግና ሃን ጾንግ 82.39። በ34 ዓመቷ፣ በአምስተኛ ኦሎምፒኳ፣ ጥፋቱ የእሷ ባልሆነበት ዝላይ ወደ ስድስት ነጥብ የሚጠጋ ዕዳ ተሸከመች። አራት ዓመት ቀደም ብሎ ሶቺ ላይ በእሷ ውድቀት የሾልኮቪም ነጥብ አብሮ ወድቆ ነበር። ሾልኮቪ በዚያን ቀን እዚያው አዳራሽ ውስጥ አለ፤ የሩሲያ ጥንዶች አሰልጣኝ ሆኖ።

በማግስቱ በአርማንድ አማር ሙዚቃ የሠሩትን ረጅሙን ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ቅንብሩን የረዳቸው እንግሊዛዊው ክሪስቶፈር ዲን ነው። እኔን የሚገርመኝ ዝላዩ አይደለም፤ በዝላዮቹ መሐል ያለው ነው። አንሥቶ ሲያወርዳት እግሯ በረዶውን ነክቶ ለትንፋሽ እንኳ አይቆምም፣ የማውረዱ እንቅስቃሴ ራሱ የሚቀጥለው ሽክርክሪት መጀመሪያ ይሆናል። ወርውሯት ስታርፍ ማሶ አብሯት ይደርሳል፣ እጇን ፍለጋ አያይም፤ እጇ የት እንዳለ ያውቃል። ዕዳ ያለበት ሰው በዚህ ርጋታ ሲሠራ አይቼ አላውቅም።

ዳኞቹ 159.31 ሰጧቸው፤ በጊዜው የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። ድምሩ 235.90። ከዚያ ግን መቀመጥና የቀሩትን መጠበቅ ነበረባቸው፤ ከእነዚያም መካከል ሱዊና ሃን ነበሩ። የእነሱ ድምር ሲወጣ 235.47 አለ። ልዩነቱ 0.43፤ አንድ ውድቀት ከሚያስቀንሰው ነጥብ ግማሽ አይሞላም። ለጀርመን ከ1952 ወዲህ በጥንድ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ወርቅ ሆነ። በሚቀጥለው ወር ሚላን ላይ የዓለም ሻምፒዮናውን በ245.84 አሸነፉ፤ ለሳቭቼንኮ ስድስተኛዋ፣ ለማሶ የመጀመሪያው። ከዚያ በኋላ ሁለቱ አብረው ለውድድር በረዶ ላይ አልወጡም።