ፖስተሩ ይቀድማል፣ ጭራቁ ይከተላል

ልጅዎ «ጭራቅ የሚባል ነገር በእውነት አለ?» ብሎ ጠይቆዎት ያውቃል? የእኔ የሰባት ዓመት ልጅ ጠይቃኛለች። በቃል ከማስረዳት ላሳያት ብዬ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ቡናው እየተፈላ፣ «ሮቦት ሞንስተር» የተባለውን የ1953 የአሜሪካ ፊልም ከፈትኩላት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሰውን ዘር ሊያጠፋ ከጠፈር የመጣው ጭራቅ ብቅ ሲል ልጄ ሆዷን ይዛ ሳቀች። አይፈረድባትም። ጭራቁ የጎሪላ ልብስ ያጠለቀ ሰው ነው፤ ጭንቅላቱ ላይ ደግሞ የባሕር ጠላቂዎች የሚያደርጉት ዓይነት ክብ ቆብ ደፍቷል። ዳይሬክተሩ ፊል ተከር የሮቦት ልብስ ለማሠራት አቅም ስላልነበረው፣ የራሱ የጎሪላ ልብስ ያለውን ጆርጅ ባሮውስ የተባለ ተዋናይ ጠርቶ ቆቡን ጫነበት። ቀረጻው በአራት ቀን አለቀ። ወጪው 16,000 ዶላር ገደማ ነበር፤ ገቢው ግን ከአንድ ሚሊዮን ዶላር አልፏል ይባላል።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነውና ከሳቁ በኋላ ወደ አእምሮዬ የመጣው ጥያቄ «ይህን እንዴት ሸጡት?» የሚል ነበር። መልሱን ሳፈላልግ ጄምስ ኒኮልሰንና ሳሙኤል አርኮፍ የተባሉ ሁለት ሰዎችን አገኘሁ። ሁለቱ በ1954 ባቋቋሙት ኩባንያ ሥራው የሚጀመረው ከመጨረሻው ነው። ኒኮልሰን መጀመሪያ ስም ያወጣል፤ ቀጥሎ ፖስተር ያሠራል፤ ፖስተሩን ይዞ ለሲኒማ ቤት ባለቤቶች ያሳያል። እነሱ ከወደዱት ያኔ ታሪኩ ይጻፋል፣ ፊልሙ ይቀረጻል። (እኔ ምርቱ ሳይኖር ማስታወቂያውን ይዤ አለቃዬ ቢሮ ብገባ ምን እንደምባል አውቃለሁ።) ጊዜው ቴሌቪዥን ቤት ገብቶ ወላጆች ሲኒማ መሄድ የተዉበት ነው። ወጣቶቹ ግን መኪና አላቸው፤ ከቤት መውጣትም ይፈልጋሉ። ስለዚህ መኪና ውስጥ ተቀምጦ በሚታይ የሜዳ ሲኒማ በአንድ ትኬት ሁለት ፊልም ቀረበላቸው።

ዘዴው አንዳንዴ ጣጣ ያመጣል። በ1955 «ሚሊዮን ዓይን ያለው አውሬ» የሚል ፊልም ተሠራ። ፖስተሩ ላይ ያለው አውሬ ዓይኑ የትየለሌ ነው። ፊልሙ ሲታይ ግን አውሬ የለም! ታሪኩ አውሬው በእንስሳት ሁሉ ዓይን ያያል የሚል ነበር፤ ዓይኖቹም የላሟ፣ የውሻው፣ የወፎቹ ነበሩ ማለት ነው። የሲኒማ ቤት ባለቤቶች «አውሬው የታለ?» ብለው አፋጠጡ። በመጨረሻ ለመጽሔት ሥዕል ይሥል የነበረ ፖል ብሌይስዴል የተባለ ሰው በጥቂት መቶ ዶላር አንድ ክንድ የምታክል አሻንጉሊት ሠራላቸው። ሚሊዮን ዓይን ይቅርና አሥር እንኳ የላትም።

ከሁሉም የምወደው ግን የኦክቶፐሱ ነው። በዚያው ዓመት በወጣ ፊልም የሃይድሮጅን ቦምብ ሙከራ ከጥልቅ ባሕር ያስወጣው ግዙፍ ኦክቶፐስ የሳን ፍራንሲስኮን ድልድይ ያፈርሳል። የፊልሙ የእጅ ባለሙያ ሬይ ሃሪሃውሰን ትንሽዬውን አሻንጉሊት በጥቂቱ እያንቀሳቀሰ ፎቶ ያነሳል፤ ለአንድ ሰከንድ ፊልም 24 ፎቶ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ እጅ ጊዜ ይበላል፤ ጊዜ ደግሞ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ስምንት እጅ ያለውን እንስሳ ባለስድስት አደረገው። እስኪ ከልጆችዎ ጋር ሆነው ይቁጠሩ።

በ1957 በወጣ ሌላ ፊልም ደግሞ በጨረር የበቀለ አትክልት የበሉ አንበጦች አውቶቡስ አክለው ቺካጎን ይወርራሉ። ዳይሬክተሩ በርት ጎርደን እውነተኛ አንበጣ በሕንፃዎች ፎቶግራፍ ላይ አስኬዶ ነው የቀረጸው። በ2020 አንበጣ በሀገራችን ማሳ ላይ ያደረገውን ያየ ሰው በዚህኛው ብዙም ላይስቅ ይችላል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከቀልድ የሚያልፈው። ጉንዳኑም፣ ኦክቶፐሱም፣ አንበጣውም የሚነሱት ከአንድ ምንጭ ነው፤ ከአቶሚክ ኃይል። አሜሪካ ከ1951 ጀምሮ በኔቫዳ በረሃ ቦምብ ትሞክር ነበር፤ የላስ ቬጋስ ሰው የፍንዳታውን ደመና ከከተማው ሆኖ ያይ ነበር። በትምህርት ቤት ደግሞ ልጆች ቦምብ ቢወድቅ ዴስክ ሥር እንዴት እንደሚደበቁ ይለማመዱ ነበር፤ አስተማሪያቸውም ድንጋዩ ውስጥ የምትገባ የካርቱን ኤሊ ነበረች። ሳምንቱን እንዲህ የዋለ ልጅ ቅዳሜ ሲኒማ ገብቶ ግዙፍ ጉንዳን ቢያይ ምን ይሰማዋል? እኔ የሚመስለኝ እፎይታ ነው። ጉንዳኑ ቢያንስ ይታያል፤ ሊገደልም ይችላል።

የጃፓኑ «ጎጂራ»፣ በሌላ ስሙ ጎድዚላ፣ ግን እፎይታ አይሰጥም። መጋቢት 1 ቀን 1954 አሜሪካ በቢኪኒ ደሴቶች የሞከረችው ቦምብ ከተገመተው ከእጥፍ በላይ ሆነ። አደገኛ ከተባለው ክልል ውጪ ዓሣ ያጠምዱ የነበሩ 23 ጃፓናውያን ላይ ነጭ አመድ ለሰዓታት ዘነበባቸው። የጀልባዋ ሬዲዮ ሠራተኛ አይኪቺ ኩቦያማ በመስከረም አረፈ። ፊልሙ የታየው በኅዳር 3 ነው፤ የሚጀምረውም መርከብ በድንገተኛ ብርሃን ተውጣ ስትሰጥም ነው። ተመልካቹ ማንን እንደሚያስታውስ ማንም ሊነግረው አላስፈለገም።

ያም ቢሆን ገንዘብና ጊዜ አጥሯቸው ነበር። አሻንጉሊት በፎቶ ማንቀሳቀሱ ስለማያዋጣ ሃሩዎ ናካጂማ የተባለው ተዋናይ መቶ ኪሎ ገደማ በሚመዝን ልብስ ውስጥ ገብቶ የቶኪዮን ትንንሽ ሕንፃዎች ረገጠ። የጭራቁ ጩኸት ደግሞ የትልቅ ባለክር መሣሪያ ክር በቆዳ ጓንት ተፈግፍጎ የወጣ ድምፅ ነው። በሆስፒታል ትዕይንቱ ግን ምንም ጭራቅ የለም፤ የጨረር መለኪያ ትንሽ ልጅ ፊት ሲጮህ ብቻ ይሰማል። እባክዎ ይህን ለታዳጊዎች እንጂ ለትንንሾቹ አይክፈቱ።

እኔም ተሳስቻለሁ። በሳቋ ተደፋፍሬ በቀጣዩ እሑድ የ1954ቱን «እነሱ!» የተባለ የጉንዳን ፊልም ከፈትኩ። በቀለም ሊሠራ ታስቦ ወጪ ለመቀነስ ጥቁርና ነጭ የሆነ ፊልም ነው። ሲጀምር አንዲት ትንሽ ልጅ የተሰበረ አሻንጉሊት ታቅፋ፣ መናገር ተስኗት፣ በኒው ሜክሲኮ በረሃ ብቻዋን ትሄዳለች። ጉንዳኖቹ ለረጅም ጊዜ አይታዩም። ልጄ አልሳቀችም። ተጠግታኝ «እናቷ የት ሄደች?» አለችኝ፤ ቀጥላም ጨረር በዓይን ይታይ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አይታይም አልኳት። ፊልሙን ዘግተን ስለ ቦምቡም፣ ስለ ዓሣ አጥማጆቹም በምትረዳው ልክ አወራን። ብዙ ጠየቀችኝ፤ ግማሹን አልመለስኩላትም።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ የምትመርጠው እሷ ናት። እስካሁን ከጎሪላው ሌላ አልመረጠችም።